መሪ ሲዞር የሚጮኸው ማን ነው?

የጭነት መኪና ፊት ሲጮህ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበትም ዝም ሳይል የሚቀርበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ የሚጮኸው ዕቃ ሳይታወቅ ዕቃ ይገዛል። ሾፌሩ "ስታጠፍ ይንኳኳል" ይላል። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ ያይና "ታይሮድ ነው" ይላል። ረዳቱ ዕቃ ሊገዛ ወደ ሶማሌ ተራ ይላካል። ታይሮዱ ተቀይሮ መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ ድምፁ እዚያው አለ። ከዚያ ኩሽኔታ፣ ከዚያ ኪንግ ፒን፣ ከዚያ የባሌስትራ ቡሽ ይከተላል። አንድ ቀን ዝም ሲልም የትኛው ዕቃ ዝም እንዳሰኘው አፉን ሞልቶ የሚናገር የለም፤ ተፈተው ከተጣሉት አሮጌ ዕቃዎች መካከልም ገና ብዙ የሚያገለግል አይጠፋም።

ስለዚህ ከመፍቻ በፊት ጥያቄ ይቅደም። ብዙ ጥያቄም አያስፈልግም፤ ሌላውን ሁሉ የሚከፍተው አንድ ነው። ድምፁ የሚከተለው መሪውን ነው ወይስ ጎማውን? መሪ ሲዞር የሚንቀሳቀሱ ዕቃዎች አሉ፤ መኪናው ሲሄድ የሚሽከረከሩት ደግሞ ሌሎች ናቸው። መኪናው ቆሞ መሪው ብቻ ሲዞር ድምፁ ከመጣ፣ የሚሽከረከረው ወገን በሙሉ ከጥርጣሬ ነጻ ወጣ ማለት ነው። ቆሞ ዝም ብሎ ሲሄድ ብቻ ከጮኸ ደግሞ ፊታችንን ወደ ጎማ ኩሽኔታ፣ ወደ ፍሬንና ወደ ሲቪ ጆይንት እናዞራለን። መሪውንም ጎማውንም ሳይሆን የጭነቱን ክብደት እየተከተለ የሚጮህ ሦስተኛ ወገንም አለ፤ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

በዚህ ጽሑፍ በአገራችን መንገዶች ላይ በብዛት የምናየውን ኤንፒአር አይሱዙ ዋና ምሳሌ አደርጋለሁ። ከፊት አንድ ወጥ አክስ፣ ባሌስትራና ኪንግ ፒን ያለው፣ ከኋላ ብቻ የሚነዳ መኪና ስለሆነ ነገሩን ለማየት ይመቻል። ከፊትም የሚነዱት ሂሉክስና ላንድ ክሩዘር የራሳቸው ጣጣ ስላላቸው ለብቻቸው ይመጣሉ።

መጀመሪያ ግን ቀጥ ሲል ዝም የሚለው መኪና ሲታጠፍ ለምን ይጮሃል? ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች እኩል አይጠመዘዙም። የውስጠኛው ጎማ በጠባብ ክብ፣ የውጪኛው በሰፊ ክብ ስለሚሄድ ውስጠኛው የበለጠ መጠምዘዝ አለበት። ይህን ዘዴ ያበጀው ላንከንሽፐርገር የሚባል ጀርመናዊ ሠረገላ ሠሪ ነው፤ እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1818 ያስመዘገበለት ግን ሩዶልፍ አከርማን ስለነበር ስሙ ለአከርማን ቀረ። ዛሬም አይሱዙ ሥር ገብቶ ያየ ሰው፣ ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው የመሪ ዘንግ በኪንግ ፒኖቹ መካከል ካለው ርቀት አጠር ብሎ፣ የያዙት ክንዶችም ወደ ውስጥ አዘንብለው ያገኛቸዋል። ኪንግ ፒኑም ቢሆን ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ አናቱ ወደ ውስጥና ወደ ኋላ ዘንበል ብሏል። መሪ ከታጠፈ በኋላ ሲለቀቅ ወደ መሃል የሚመለሰው በዚህ ነው። በዚሁ ምክንያት መሪ ሲዞር የመኪናው ፊት በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ባሌስትራው ይነቃነቃል፣ ክብደቱ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይሄዳል። መሪ ማዞር ቀላል ይመስላል እንጂ ከፊት ያለውን ዕቃ ሁሉ የሚቀሰቅስ ሥራ ነው።

እንግዲህ መኪናውን ሜዳ ላይ፣ ጸጥ ያለ ቦታ እናቁመው። የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ የኋላ ጎማዎቹ ታኮ ይደረግላቸው። ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ካቢና ውስጥ ሆኖ ሞተሩን አስነስቶ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዝግታ ያዙር፤ ሌላው ውጭ ሆኖ ያዳምጥ። በዝግታ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በፍጥነት ሲዞር ሁሉም ድምፅ ይደባለቃል፤ በዝግታ ሲሆን ግን ድምፁ መሪው የት ሲደርስ እንደሚጀምር ይታወቃል። መሃል ላይ ነው? ግማሽ ላይ? ወይስ ጫፍ ሲነካ ብቻ?

ጫፍ ሲነካ ብቻ የሚመጣ ድምፅ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው። እያንዳንዱ ጎማ ከልክ በላይ እንዳይታጠፍ የሚያግደው ብሎን አለ፤ የዚያ ብሎን አናትና የሚያርፍበት የአክሱ ግንባር ደርቀው ሲፋተጉ እስከ ካቢና የሚሰማ ማቃሰት ያወጣሉ። ጥቂት ግሪስ ይቀባና ይሞከራል። ከልኩ የሰፋ ጎማ የተገጠመለት መኪና ደግሞ ጫፍ ላይ ጎማው ባሌስትራውን ወይም ሻንሲውን ይነካል፤ የነካበት ቦታ ጭቃው ተጠርጎ እያበረቀ ስለሚታይ መፈለግም አያስፈልግም። ሦስተኛው የመሪ ዘይት ፓምፕ ነው። መሪው ጫፍ ደርሶ ተጨማሪ ሲጎተት በፓምፑ ውስጥ ያለው የግፊት ማስተንፈሻ ይከፈትና ፊሽታ ወይም ጉርምርምታ ይሰማል፤ ይህ የጤና ነው። መሪውን ጫፍ ላይ ከአምስት ሰከንድ በላይ ይዞ መቆየት ግን ዘይቱን ያቃጥላል፣ ፓምፑንም ይጎዳል። ጫፍ ሳይደርስ ገና ከመጀመሪያው የሚያጓራ ፓምፕ የዘይት ማነስ ወይም የአየር መግባት ምልክት ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት ዘይቱ አረፋ ይዞ ይታያል። ፓምፑን ከጥርጣሬ ለማውጣት ሞተሩን አጥፍቶ መሪውን ጥቂት ማዞር ይበቃል። ይከብዳል፤ ድምፁ ግን እንዳለ ከቀጠለ ፓምፑ ንጹሕ ነው።

አሁን ዋናው ተከሳሽ ይምጣ፤ ኪንግ ፒን። የአይሱዙ የፊት አክስ ጫፍ ላይ ዓይን አለ። ጎማውን የሚሸከመው ብረት ይህን ዓይን ከላይና ከታች እንደ ሹካ አቅፎታል፤ በሦስቱም ውስጥ ወፍራም ፒን ያልፋል። ፒኑ ላይና ታች በሁለት ቡሾች ውስጥ ይዞራል። ቡሾቹ ግን ክብደት አይሸከሙም፤ ክብደቱን የሚሸከመው በአክሱ ዓይንና በታችኛው የሹካ ጥርስ መካከል የተቀመጠው ጠፍጣፋ ኩሽኔታ ነው። ጭነት የያዘ መኪና ፊት ላይ ከሁለት ቶን በላይ ሲያርፍ፣ ያን ሁሉ ሁለት ጠፍጣፋ ኩሽኔታዎች ተካፍለው ይሸከማሉ፤ መሪ በዞረ ቁጥርም በዚያ ክብደት ሥር ይሽከረከራሉ። ውሃ ገብቶባቸው ግሪሳቸው ከታጠበ፣ ወይም የበጋ አቧራ ገብቶ ግሪሱን ወደ ሞረድ ከለወጠው፣ የደረቀ የግቢ በር ሲከፈት የሚያወጣውን ዓይነት ድምፅ ያወጣሉ። ሲጢጥታው ከክረምት ዝናብ ወይም ከእጥበት በኋላ ጠፍቶ ሲደርቅ ከተመለሰ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ውሃው ለጊዜው እንደ ቅባት አገልግሎ ዝገቱን ጨምሮ ነው የሚሄደው።

ኪንግ ፒን ከድምፁ ሌላ አንድ ምስክር አለው፤ መሪ አይመለስም። ጎሃጽዮንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ጠመዝማዛው ላይ ሾፌሩ መሪውን ማጠፍ ብቻ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ኩርባ በኋላ በእጁ ጎትቶ ማቅናት ካለበት፣ ፊቱ ላይ አንድ ነገር ተጣብቋል። ደጀን ሲደርስ ትከሻውን የሚያመው ሾፌር ስለ ድምፁ ባይናገር እንኳ ስለ መሪው መክበድ መናገሩ አይቀርም። በእኔ ግምት ብዙ መካኒኮች ይህን ቅሬታ ለፓምፑ እየሰጡ ኪንግ ፒኑን ይዘሉታል።

እዚህ ላይ ጆሮ ሊያታልል እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል። ድምፅ በብረት ውስጥ ይጓዛል፤ በቀኝ ኪንግ ፒን የተነሳው ጩኸት በአክሱ፣ በባሌስትራውና በሻንሲው አልፎ ከሾፌሩ እግር ሥር የመጣ መስሎ ሊሰማ ይችላል። እጅ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለልም። ካቢና ያለው ሰው መሪውን ከመሃል ግራና ቀኝ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ብቻ እየነቀነቀ ሳለ፣ ውጭ ያለው መዳፉን በኪንግ ፒኑ አናት ላይ ያሳርፍ። የደረቀው ወገን ይንቀጠቀጣል፤ መዳፍ ላይ እንደ ንዝረት ይመጣል። ሌላኛው ጎን ለስላሳ ይሆናል። ሁለቱን ጎን ማነጻጸር ለዚህ ሥራ ትልቁ መሣሪያ ነው፤ ሁለቱ ጎን እኩል አርጅቶ እኩል የሚጮህበት ጊዜ ብዙ አይደለምና። ያልሠለጠነ እጅ እንኳ ልዩነቱን ያገኘዋል።

የተገኘው ወገን ግሪስ ይሰጠው። ግሪሱ የሚገባበት ኒፕል መጀመሪያ በጨርቅ ይጠረግ፤ ካልተጠረገ በላዩ ያለው አቧራ ነው ቀድሞ የሚገባው። ሲገፋ መጀመሪያ የሚወጣው ጥቁር ወይም የዝገት ቡናማ የሆነ፣ አሸዋ ያዘለ ደረቅ ግሪስ ነው። አዲሱ ንጹሕ ግሪስ በስንጥቁ ዙሪያ እስኪታይ ይገፋ። አምራቾች ጎማው መሬት ይንካ ወይስ ይነሳ በሚለው አንድ አይደሉም፤ አንዱ መኪናው በክብደቱ እንደቆመ ይሁን ሲል ሌላው ክብደቱ ከኩሽኔታው ላይ ይነሳለት ይላልና የመኪናውን መጽሐፍ ማየት ያዋጣል። ግሪሱ በፍጹም ካልገባ ኒፕሉ ወይም መንገዱ ተደፍኗል፤ ምናልባትም ያ ቡሽ ግሪስ ካየ ዓመታት አልፈውታል። ግሪስ ገብቶ ድምፁ ቢጠፋም ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ግሪስ የበላውን ብረት አይመልስም፤ ምን ያህል እንደተበላ ማየት ይቀራል።

ለዚያ መኪናው በክሪክ ይነሳል፤ ክሪክ ብቻውን ግን አይታመንም፣ አክሱ ሥር ጠንካራ ድጋፍ ይግባ። ጎማው ላይና ታች ተይዞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይነቅነቅ። ልቅ ካለ ሁለት ተጠርጣሪ አለ፤ ኪንግ ፒኑ ወይም የጎማው ኩሽኔታ። የሚለያቸው ዘዴ ምንም ገንዘብ የማይጠይቅና ብዙ ሰው የማይሠራበት ነው፦ ካቢና ያለው ሰው ፍሬን ይርገጥ፤ ከዚያ እንደገና ይነቅነቅ። ፍሬኑ ሲረገጥ የጎማው ታምቡር ከኪንግ ፒኑ ብረት ጋር አንድ ስለሚሆን ኩሽኔታው ከጨዋታ ይወጣል። ልቅነቱ ከጠፋ ኩሽኔታ ነበር። እንዳለ ከቀረ ኪንግ ፒን ነው። ጎማው ግራና ቀኝ ተይዞ ሲነቀነቅ ብቻ የሚገኝ ልቅነት ደግሞ ወደ መሪ ዘንጎቹ ያመለክታል።

የመሪ ዘንግ ጫፎች፣ ማለትም ታይሮዶቹ፣ ሲበሉ አይንጫጩም፤ ይንኳኳሉ። መሪው አቅጣጫ በቀየረ ቅጽበት አንድ "ቋ" ይመጣል፣ ከዚያ ዝም። ግራ፣ ቋ። ቀኝ፣ ቋ። ምርመራቸው መኪናው ተነስቶ ሳይሆን ጎማዎቹ መሬት ላይ ሆነው ክብደት ይዘው ነው፤ ተንጠልጥሎ የሚላላ የሚመስል ዕቃ መሬት ሲነካ ይጠብቃልና፣ ሲነሳም ደህና የሚመስለው ክብደት ሲይዝ ያጋልጣል። መሪው በትንሹ እየተነቀነቀ ጣት በመጋጠሚያው ላይ፣ ግማሹ በዘንጉ ግማሹ በክንዱ ላይ ሆኖ ይቀመጥ። ሁለቱ ብረቶች አብረው ከሄዱ ደህና ነው፤ አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ከተከተለ ጣት ያንን መዘግየት ይለየዋል። በትልቅ ፒንሳ ጨምቆ "ይኸው ተንቀሳቀሰ" ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ አዲስ ታይሮድም በዚያ ጉልበት ይንቀሳቀሳል።

በዚያው ሥር ተኝቶ ሳለ ዓይን ሊያያቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ የመሪ ሳጥኑ ከሻንሲው ጋር የታሰረባቸው ብሎኖች ናቸው። ከላሉ መሪ ሲዞር ሳጥኑ ራሱ ይላወሳል፤ ድምፁም ልክ የታይሮድ ይመስላል። በብሎኑ ዙሪያ ደቃቅ ቀይ የዝገት ዱቄት ከታየ እዚያ ብረት ከብረት እየተፋተገ ነው። ሁለተኛው ከመሪው ወደ ሳጥኑ በሚወርደው ዘንግ ላይ ያለው ክሮቼራ ነው። የደረቀ ክሮቼራ መሪው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ሁለት ቦታ ላይ ያከብዳል፤ ድምፁም ከታች ሳይሆን ከእግር ፔዳሎቹ አካባቢ ይመጣል። ከመሪው እምብርት የሚሰማ የወረቀት መንሿሿት የመሰለ ነገር ከሆነ ደግሞ ከጎማ ጋር ጉዳይ የለውም፤ የጥሩምባና የኤርባግ ሽቦ የሚያልፍበት ጥቅልል ነው።

ቆሞ ዝም የሚለውን መኪና አሁን እንንዳው። የጎማ ኩሽኔታ ድምፅ ያጓራል፤ ፍጥነት ሲጨምር ይጨምራል፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ ሞተሩ ቢቀንስም አይቀየርም። ሲታጠፍ የሚለወጠው ክብደት ስለሚዛወር ነው። ወደ ግራ ስንታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማ ይሄዳል። እኛ አገር በቀኝ ስለምንነዳ አደባባይ የምንዞረው ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው፤ ስለዚህ "አደባባይ ላይ ብቻ ያጓራል" የሚል ሾፌር ሳያውቀው የቀኙን ኩሽኔታ እየከሰሰ ነው። የግራውን ለመፈተን ወደ ቀኝ ረዘም ያለ ኩርባ ወይም ሰፊ ሜዳ ይፈለጋል። እኩል ሳይሆን የተበላ ጎማም ያጓራል፤ ግን አስፋልቱ ከለስላሳ ወደ ሻካራ ሲቀየር የጎማው ድምፅ አብሮ ይቀየራል፣ የኩሽኔታው አይቀየርም። ረዘም ያለ መንገድ ከተነዳ በኋላ ሁለቱን የጎማ እምብርቶች በጥንቃቄ ማነጻጸርም ይረዳል፤ ከሌላው በጣም የሞቀው ይጠረጠራል፣ ምንም እንኳ የሚይዝ ፍሬንም ሊያሞቀው ቢችል። ኩሽኔታ ላላ ተብሎ ዳዶውን በጉልበት ማጥበቅ የአንድ ቀን ሰላም ነው የሚሰጠው፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ኩሽኔታ ይቃጠላል።

ዲስክ ፍሬን ያለው መኪና ላይ አንድ አስቂኝ ተንኮለኛ አለ፤ ከጠጠር መንገድ የመጣ ትንሽ ድንጋይ በዲስኩና ከኋላው ባለው ቀጭን የቆርቆሮ ጋሻ መካከል ይገባል። ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ነው የሚያወጣው፤ ሲታጠፍ ይጨምራል ወይም ይጠፋል። ብዙ ሰው ፍሬኑን አስፈትቶ ጠጠር አግኝቷል።

ወደ ሂሉክስ ስንመጣ ነገሩ ይለያል፤ እዚህ ፊትም ይነዳል። የሚነዳ ጎማ እየታጠፈም ኃይል መቀበል ስላለበት በመካከሉ ሲቪ ጆይንት አለ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የፎርድ መሐንዲስ የነበረው አልፍሬድ ርዜፓ የፈጠረው ይህ መጋጠሚያ በጎድጓዳ ሐዲዶች ውስጥ የሚንከባለሉ ስድስት ኳሶች አሉት። የውጪው የላስቲክ ሽፋኑ ከተቀደደ ግሪሱ ይረጫል፣ አቧራ ይገባል፣ ሐዲዱ ይቆፈራል፤ ከዚያ ተጠምዝዞ ሲነዳ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ከፍጥነቱ ጋር እየፈጠነ። ሽፋኑ መቀደዱን ለማየት ጎማ መፍታት አያስፈልግም፤ የቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ የተረጨ የግሪስ ክብ ይታያል። ለመፈተን መሪው ጫፍ ድረስ ታጥፎ በአፈር ሜዳ ላይ በዝቅተኛ ማርሽ ነዳጅ እየተሰጠ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይሞከር። በሁለት ጎማ ብቻ እየተነዳ ከሆነ ግን ሲቪው ኃይል ስለማይቀበል ሊደበቅ ይችላል፤ የፊቱም መነዳት አለበት። ወደ ግራ ሲታጠፍ የሚጮኸው የቀኙ ነው የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ክብደቱ እዚያ ነውና። ሆኖም የውስጠኛው ጎማ የበለጠ ስለሚጠመዘዝ አንዳንዴ እሱ ሆኖ ይገኛል፤ በዚህ ሕግ ብቻ ተማምኖ ዕቃ መግዛት አልመክርም።

አፈር ላይ ይሞከር ያልኩበት ምክንያት አለ። ሂሉክስም ላንድ ክሩዘር 79ም አራቱ ጎማ ሲያያዝ በፊትና በኋላ አክስ መካከል ልዩነት የሚያቻችል ዲፈረንሻል የላቸውም። ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ መሄድ ይፈልጋሉ፤ ተያይዘዋልና አይችሉም። አፈር ላይ ጎማው ተንሸራቶ ያስተካክለዋል። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን መኪናው ይታነቃል፣ ይዘላል፣ ያንቋቋል፤ ባለቤቱም "ፊቱ ተበላሽቷል" ብሎ ጋራዥ ይመጣል። የተበላሸ ነገር የለም፤ ማያያዣውን መፍታት ብቻ ነው።

ላንድ ክሩዘር 79 ከፊት ወጥ አክስ ስላለው ሲቪው በሚዞር የብረት ኳስ ውስጥ ተደብቋል፤ ባለሙያዎች በእንግሊዙ ኩባንያ ስም በርፊልድ ይሉታል። እዚህ የሚቀደድ ሽፋን የለም። የሚያልቀው የውስጠኛው ኦይል ሲል ነው፤ ከዲፈረንሻሉ የሚመጣው ቀጭን ዘይት ወደ ኳሱ ይገባና ወፍራሙን ግሪስ አቅጥኖ ሾርባ ያደርገዋል። ያኔ የኳሱ ውጪ ገጽ በዘይት ይረጥባል፣ አቧራው ተለጥፎበት ጥቁር ጭቃ ይሆናል፤ ቀጭ ቀጭታው የሚከተለው ከወራት በኋላ ነው። ኳሱን በጨርቅ ጠርጎ ከሳምንት በኋላ ማየት ከማንኛውም መሣሪያ ይሻላል። የጮኸውን የግራና የቀኝ በርፊልድ አቀያይሮ መግጠም በሩቅ አገር መንገድ የቆየ ዘዴ ነው፤ ወደ ፊት ሲነዳ ያልተበላው የሐዲዱ ጎን ኃይሉን ስለሚቀበል ዝም ይላል። ጊዜ ይገዛል እንጂ ዕቃውን አያድንም።

ወደ ሦስተኛው ወገን፣ ክብደትን ወደሚከተለው እንመለስ። ምልክቱ አንድ ጊዜ መሆኑ ነው። መኪናው መታጠፍ ሲጀምር አንድ "ድው"፣ ሲቀና ደግሞ አንድ፤ በመካከል ዝም። ባዶውን አይጮህም፣ ሲጫን ይጮሃል፤ ወይም የተገላቢጦሽ። እዚህ የሚፈለጉት ባሌስትራውን ከአክሱ ጋር ያሰሩት የዩ ቅርጽ ብሎኖች፣ የተሰበረ የባሌስትራ ቅጠል፣ በመሃል የሚያልፈው ማቀፊያ ብሎንና የጫፎቹ ቡሾች ናቸው። ዩ ብሎኑ የላላ መኪና አክሱ በባሌስትራው ላይ ጥቂት ይንሸራተታል፤ በቅጠሉና በአክሱ መካከል አዲስ የብረት ንጣት ይታያል። ሲጢጥ የሚል ቡሽን ለመለየት ሳሙና ያለው ውሃ በጠርሙስ ይዞ አንዱን ብቻ መርጨት፣ ከዚያ መኪናውን መነቅነቅ፤ ዝም ካለ ተገኘ። አንዱን ሳይፈትኑ ሌላውን መርጨት ግን ምርመራውን ያበላሸዋል፤ ዝም ሲል የትኛው እንደሆነ አይታወቅምና። የጎማ ቡሽ ላይ የሞተር ዘይት አይረጭ፤ ጎማውን ያሳብጠዋል።

የድምፁ ጩኸት መጠንና የአደጋው መጠን አይገናኙም። ጎረቤት የሚያስቸግረው የብሎን ፍትጊያ እስከ ሐዋሳ ቢነዳ ምንም አይሆንም። ዝቅ ብላ "ቋ" የምትለው ታይሮድ ግን ኳሷ ከጉድጓዷ ስትወጣ ጎማው ሾፌሩን አይጠይቅም። የመሪ ልቅነት ከድምፁ ጋር ከመጣ፣ የዩ ብሎን ከላላ፣ የጎማ እምብርት ከጋለ ወይም የሂሉክስ የታችኛው ቦል ጆይንት ከተላወሰ መኪናው ባለበት ይቁም። ቦል ጆይንቱን ሲፈትኑ ክሪኩ በታችኛው ክንድ ሥር ይግባ፤ ሻንሲው ሥር ከገባ ሞላው ክንዱን ወደ ታች ገፍቶ መጋጠሚያውን ስለሚወጥረው የተበላው ዕቃ ጤነኛ መስሎ ያልፋል።

ኪንግ ፒን ለመቀየር የተወሰነ ከሆነ ቡሾቹ ገብተው በፒኑ ልክ ቶርኖ ቤት ይስተካከሉ። የላይና ታች ክፍተቱ ተለክቶ በቀጭን ሮንዴላዎች ይስተካከል፤ ፒኑን የሚቆልፈው ሽብልቅ በደንብ ይመታ። ከዚያ የጎማ አሰላለፍ ይሠራ፤ ያለ አሰላለፍ የወጣ አዲስ ኪንግ ፒን ጎማ ይበላል። ሙከራው ደግሞ ድምፁ መጀመሪያ በተሰማበት መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ጭነት፣ ወደ ሁለቱም ወገን ይደረግ። ድምፁ ቀንሶ ካልጠፋ ሁለት ዕቃ አብረው ይጮኹ ነበር ማለት ነውና ከቆመው መኪና ምርመራ እንደገና ይጀመር፤ ሁለተኛው አሁን ብቻውን ስለሆነ ማግኘቱ ይቀላል። የጎማ ዳዶዎቹ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ አንድ ጊዜ እንደገና ይጥበቁ።